ልጄ ለምን አታድግም? ስለ ዕድገት ሆርሞን መርፌ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ማታ ማታ የዕድገት ሆርሞን ትወጋለች። የምንኖረው ጅማ ነው። ጎረቤትም፣ የትምህርት ቤት ወላጅም፣ "አንድ የማውቃት ልጅ አለች" ብሎ የሚደውልም ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ሐኪም አይደለሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ፊት ተቀምጬ የጠየቅኩ እናት ነኝ። መድኃኒቱንም መጠኑንም የሚወስነው ልጁን ያየው ሐኪም ነው።

ልጄ ከእኩዮቹ ያጥራል። የሆርሞን ችግር አለበት ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሁሉም የሚያጥር ልጅ መኖሩ አይቀርም። ሐኪሞች ከቁመቱ ይልቅ የሚጨነቁት ለፍጥነቱ ነው፦ በዓመት ስንት ሴንቲ ይጨምራል?

ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ያህል ይረዝማል። በሁለተኛው ዓመት ከ10 እስከ 12። ከአራት ዓመት በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ይጨምራል። በዚህ ዕድሜ በዓመት 4 ሴንቲ የማይሞላ ልጅ መታየት አለበት። አጭር ሆኖ በየዓመቱ በደንብ የሚጨምር ልጅ ብዙም አያሳስብም። አጭር ባይሆንም ዕድገቱ ድንገት ቀጥ ያለ ልጅ ግን ያሳስባል።

እኔ የነቃሁት በልብስ ነው። ለእንቁጣጣሽ የገዛሁላት ቀሚስ በዓመቱ ሳወጣው ልክ ነበር። በሁለተኛው ዓመትም ልክ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ዘንድሮም ከወጪ ዳንኩ ብዬ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ደነገጥኩ። የአምስት ዓመት ልጅ የሦስት ዓመት ቀሚሷን ለብሳለች!

ሄጄ ስትለካ 94 ሴንቲ ሆነች። የዕድሜ እኩዮቿ ሴቶች መካከለኛ ቁመት 109 አካባቢ ነው።

ቤት ውስጥ እንዴት ልለካ?

ጫማ ይውለቅ። ሹሩባዋ ወደ ላይ የተቆለለ ከሆነ ይፈታ፤ ሹሩባ ሁለት ሦስት ሴንቲ ይሰጣል። ተረከዝ፣ መቀመጫና የጭንቅላት ጀርባ ግድግዳ ይንካ። ዓይኗ ወደ ፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናቷ ላይ አሳርፉና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከወለሉ እስከ ምልክቱ በሜትር ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር አርጅቶ ከተለጠጠ ይዋሻል፤ የአናጢው የብረት ሜትር ይሻላል።

ሁልጊዜ ጠዋት ለኩ። ሰው ሲቆምና ሲሄድ ውሎ ማታ ላይ ትንሽ ያጥራል። በየስድስት ወሩ በቂ ነው። በየሳምንቱ መለካት ራስን ማሳመም ነው፤ ሞክሬው አውቀዋለሁ። ቀኑንም ጻፉ። ቀን የሌለው ቁመት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚለካው ተጋድሞ ስለሆነ እሱን ለጤና ጣቢያ ተዉት።

እኛ ራሳችን አጭር ነን። የዘር ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል፤ የሚሰላበትም መንገድ አለ። የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል። ለወንድ ልጅ 13 ይጨመርበታል፣ ለሴት ልጅ 13 ይቀነስበታል። ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። አባት 170፣ እናት 156 ሴንቲ ቢሆኑ ልጃቸው ሴት ከሆነች 156 ተኩል፣ ወንድ ከሆነ 169 ተኩል አካባቢ ይጠበቃል። ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ስምንት ሴንቲ ገደማ ቢለይ ያለ ነው።

ዘግይተው የሚያድጉም አሉ። "እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል አጭር ነበርኩ፣ ከዚያ ነው የተመዘዝኩት" የሚል አባት ካለ ልጁም እንደሱ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች ጉርምስናቸው ይዘገያል እንጂ አይቀሩም። አደጋው ሁሉም ሰው ይህችን ሰበብ ለራሱ ልጅ መውሰዱ ነው። እኛንም አንድ ክሊኒክ "ታድጋለች፣ አትጨነቂ" ብሎ ሳይለካት ሁለት ጊዜ መልሶናል። "ታድጋለች" ማለት የሚቻለው ከተለካች በኋላ ነው።

ታዲያ እዚህ አገር ይሄ ሁሉ ያላደገ ልጅ ሆርሞን አንሶት ነው?

አይደለም። ይሄን ነገር ረጋ ብለን ብናየው ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። የሆርሞኑ እጥረት ግን ከብዙ ሺህ ልጆች አንዱን የሚይዝ ነገር ነው። መቀንጨር በዋናነት የምግብና የተደጋጋሚ ሕመም ጉዳይ ነው። የእኛ አካባቢ ለምለም ነው፤ ቡናውም፣ አቮካዶውም፣ እንሰቱም ሞልቷል። ግን ቆጮና በቆሎ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ትንሽ ነው። እንቁላሉን ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ቤት ልጁ ላይገኝለት ይችላል። ተቅማጥና የሆድ ትላትል ሲደጋገም ደግሞ የተበላውም አይጠቅምም።

ለቀነጨረ ልጅ የሆርሞን መርፌ መፍትሔው አይደለም። የራሱ ሆርሞን አለው፤ የጎደለው ሌላ ነው። ቤት ለመሥራት አናጢው መጥቶ እንጨቱ ሳይኖር ሁለተኛ አናጢ እንደ መቅጠር ነው።

ከምግብ ሌላም ምክንያት አለ። የእንቅርት ዕጢ በደንብ ካልሠራ ልጅ አያድግም፤ የዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ክኒን ነው። የኩላሊት፣ የልብ፣ የአንጀት ሕመምም ዕድገት ይይዛል። ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የስቴሮይድ መድኃኒትም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ሆርሞን ከማውራቱ በፊት ሰገራና ደም ቢያዝ፣ ምን እንደምትበላ ቢጠይቅ "ይሄ ሰውዬ አልገባውም" አትበሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይሄው ነው።

እንደ ምልክት ያህል፦ ምግብ ያነሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ክብደቱም አብሮ ይወርዳል። ሆርሞን ያነሰው ልጅ ግን አጭር ሆኖ ሞላ ያለ፣ ሆዱ አካባቢ ስብ ያለው፣ ፊቱ ከዕድሜው ያነሰ የሕፃን ፊት ይሆናል። የእኔን ልጅ ሰው ሁሉ "አሻንጉሊት!" ይላት ነበር። አመሰግን ነበር እኔም።

የዕድገት ሆርሞን ራሱ ምንድን ነው?

ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ከእሷ ነው የሚወጣው። ወደ ደም ገብቶ ጉበትን ሌላ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ያሠራዋል፣ ያ ደግሞ አጥንት ጫፍ ላይ ያለውን ለስላሳ የማደጊያ ክፍል ይቀሰቅሳል። ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ እንደ ቧንቧ ውሃ አይፈስም። በየተወሰነ ሰዓት ይረጫል፤ ትልቁ የሚረጨው ልጁ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። አያቶቻችን "ልጅን ከእንቅልፉ አትቀስቅሱት፣ እያደገ ነው" የሚሉት ለካ እውነት ነው።

በመርፌ የሚሰጠው በላብራቶሪ የተሠራ ነው። የሰውን የዘር መመሪያ ባክቴሪያ ወይም ሌላ ሕዋስ ውስጥ አስገብተው ያንኑ ሆርሞን ያሠሩታል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚወጣው ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ነበር። ከወሰዱት ልጆች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ክሮይትዝፌልት ያኮብ የሚባል ገዳይ የአንጎል በሽታ ያዛቸው። ይህ ሲታወቅ በ1985 የድሮው ቆመ፤ በዚያው ዓመት የላብራቶሪው አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አንዳንድ ሰው "ከሬሳ ነው የሚሠራው" ብሎ ያስፈራራችሁ ከሆነ የሚያወራው የ40 ዓመት ወሬ ነው።

ለየትኞቹ ልጆች ነው የሚታዘዘው?

ዋናዎቹ ፒቱታሪያቸው በቂ ሆርሞን የማያመነጭ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ እንዲሁ ይወለዳሉ፤ አንዳንዶቹ አንጎል ላይ በወጣ እባጭ (ቱመር)፣ በጨረር ሕክምና ወይም በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ያጡታል። ተርነር ሲንድረም ያለባቸው ሴት ልጆችም ይወስዱታል። ይህ ከ2,000 እስከ 2,500 ሴቶች መሀል በአንዷ ላይ የሚታይ ሲሆን ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች (የዘር መመሪያ ተሸካሚዎች) አንዱ ሲጎድል የሚመጣ ነው። ልጅቷ ከማጠሯ በቀር ሌላ ምልክት ላይታይባት ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ አጭር ሴት ልጅ ሁሉ የክሮሞዞም ምርመራ ይታዘዝላታል። ፕራደር ዊሊ የሚባል ሕመም ያለባቸው፣ የቆየ የኩላሊት ድክመት ያለባቸው፣ በጣም ትንሽ ሆነው ተወልደው እስከ አራት ዓመታቸው እኩዮቻቸው ላይ ያልደረሱ ልጆችም አሉበት።

እጅና እግራቸው ከቀሪው ሰውነታቸው ጋር የማይመጣጠን ልጆች ችግራቸው ብዙ ጊዜ የአጥንቱ እንጂ የሆርሞኑ አይደለም። መንገዱም ሌላ ነው።

ሕፃን ሳለች የሚታይ ምልክት አለ?

አለ፣ ግን ሁሌ አይደለም። ገና በተወለደች በቀናት ውስጥ ስኳሯ እየወረደ መንቀጥቀጥ፣ የማይለቅ የዓይን ቢጫነት፣ በወንድ ሕፃን ላይ በጣም ትንሽ ብልት። እነዚህ ሲገጣጠሙ ፒቱታሪን ማሰብ ያስፈልጋል። ወፍ በሽታ ብሎ ፀሐይ እያሞቁ መጠበቅ አይበቃም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ይረዝማል። ትዕግሥት ያዙ።

መጀመሪያ ቁመቱ በዕድገት ቻርት ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ስድስት ወር ወይም ዓመት ጠብቆ ድጋሚ ይለካል። ቀጥሎ የግራ እጅ ራጅ። እጇ ተሰብሮ አይደለም፤ የአጥንቷን ዕድሜ ለማየት ነው። የእኔ ልጅ አምስት ዓመቷ፣ የአጥንቷ ዕድሜ ግን ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ "ይሄኛው ጥሩ ዜና ነው፣ ገና ብዙ የሚያድግበት ቦታ አለ" አለኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ጥሩ ዜና መሆኑ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ የደም ምርመራ። ሆርሞኑ የሚረጨው በየተወሰነ ሰዓት ስለሆነ እንደው አንዴ ደም ቀድቶ "ሆርሞንሽ ዝቅተኛ ነው" ማለት ትርጉም የለውም። ይህን ምርመራ ብቻ አይቶ መርፌ የሚያዝላችሁ ካለ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ትክክለኛው ዕጢዋን ቀስቅሶ ማየት ነው። ልጅቷ ሳትበላ ታድራለች፣ ክሎኒዲን የሚባል ክኒን ወይም ሌላ ቀስቃሽ መድኃኒት ይሰጣታል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይቀዳል። ክሎኒዲን የደም ግፊት መድኃኒት ስለሆነ ያስተኛል፤ ልጄ ጭኔ ላይ አንቀላፍታ ነው ያለቀው። ምርመራው ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ቀስቃሽ ይሠራል። እጥረቱ ከተረጋገጠ ፒቱታሪዋን ለማየት የጭንቅላት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ይታዘዛል።

ይሄ ሁሉ ጅማ ላይ ይቻላል?

ጅማሬው ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሕፃናት ክፍል አለ፤ መለካቱ፣ ራጁ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ደም ምርመራው ከዚያ ይጀመራል። የሕፃናት የሆርሞን ስፔሻሊስት ለማግኘት ግን እኛ ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ነው የወጣነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት የሆርሞን ክሊኒክ አለው።

350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ምክሬ አንድ ነው፦ ከመውጣታችሁ በፊት የተሠራውን ሁሉ ያዙ። የራጁን ፊልም፣ የላብራቶሪውን ወረቀት፣ የክትባት ካርዷን፣ የለካችሁበትን ደብተር። እኛ የመጀመሪያውን ጊዜ ራጁን ቤት ረስተን ሄድን። ድጋሚ ተነሳች።

መርፌው በየቀኑ ነው? ያማል?

በየቀኑ ነው፤ አንዳንድ ሐኪም በሳምንት ስድስት ቀን ያዛል። የሚወጋው ማታ ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚረጭበትን ሰዓት ለመምሰል። በሳምንት አንዴ የሚወጋም መጥቷል፣ አሜሪካ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዳዋለች። እኛ የያዝነው የየቀኑን ነው።

መርፌው የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን እንደሚወጉበት ያለ ብዕር ነው። ጫፉ ቀጭንና አጭር ነው። የሚገባው ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው፦ ጭን፣ ሆድ፣ መቀመጫ። ቦታው በየቀኑ ይቀያየራል፤ አንድ ቦታ ከተደጋገመ ስቡ ይጎደጉዳል ወይ ይደድራል። እኛ ለሰኞ ቀኝ ጭን፣ ለማክሰኞ ግራ ጭን እያልን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ለእኔ ከባድ ነበር፣ ለእሷ አይደለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ "እማ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ" አለችኝ። አሁን ጫፉን የምትገጥመው ራሷ ናት።

ያገለገለውን ጫፍ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ሃይላንድ ቀጭን ስለሆነ ይበሳል፤ የበረኪና ባዶ ጠርሙስ ይሻላል። ሲሞላ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ስጡ።

መብራት ሲጠፋስ? መድኃኒቱ አይበላሽም?

ጅማ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ፍሪጅ ማለት ነው፣ ፍሪዘር አይደለም። ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይሞቅም። በሩን ካልከፈታችሁት ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ችግሩ ልጆች ውሃ ፍለጋ እየከፈቱት ነው። እኛ መብራት ሲሄድ በሩ ላይ ሻሽ እናስራለን። ታስሯል ማለት አይነካም ማለት ነው። ፍሪጁ ውስጥ አንድ አሥር ብር የማይሞላ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ አውጥቼ በውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች ደርድሬያለሁ፤ የቀዘቀዘ ውሃ ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ትንሽ ቴርሞሜትርም ገዝቼ ከመድኃኒቱ አጠገብ አስቀምጫለሁ።

ከሙቀት ይልቅ የጎዳን ብርድ ነው። ጠንቃቃ መሆኔ ነው፣ ብዕሩን ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳየው በረዶ ሠርቷል። ቀልጦ ጥርት ያለ ውሃ መሰለ፣ ግን አንዴ በረዶ የሠራ ሆርሞን አይወጋም። አዲስ ብዕር ጣልኩ። ስንት ቀን እህል እንዳልበላሁ አልነግራችሁም። መሀል መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አንዳንዱ ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት በክፍል ሙቀት መቆየት ይችላል፣ አንዳንዱ አይችልም። ሁሉም ከተከፈተ በኋላ የሚያበቃበት ቀን አለው። በካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፣ የፋርማሲ ባለሙያውንም አስረዱኝ በሉት። የከፈታችሁበትን ቀን ብዕሩ ላይ ጻፉ።

ከአዲስ አበባ መድኃኒት ይዛችሁ ስትመለሱ አይስ ቦክስ ያዙ። ጊቤ ስትደርሱ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ብዕሩ በረዶውን በቀጥታ አይንካ፣ በፎጣ ጠቅልሉት። አይስ ቦክሱን ጭናችሁ ላይ አድርጉ፤ ረዳቱ "ከላይ ይጫን" ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ።

ስንት ያስወጣል?

ውድ ነው። ዋጋው ስለሚቀያየር ቁጥር ከመጻፍ ስሌቱን ልንገራችሁ። ለሆርሞን እጥረት የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 0.025 እስከ 0.035 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በ0.03 ቢታሰብላት በቀን 0.6፣ በወር 18 ሚሊግራም ትፈልጋለች። ባለ 10 ሚሊግራም ብዕር ከሆነ በወር ሁለት ብዕር ማለት ነው። ፋርማሲ ስትደውሉ "ብዕሩ ስንት ሚሊግራም ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እንዲያው "ስንት ነው?" ካላችሁ ርካሽ የመሰላችሁ ትንሹ ብዕር ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ስትከብድ መጠኑም ይጨምራል። 30 ኪሎ ስትደርስ በወር 27 ሚሊግራም። ስለዚህ ስትጀምሩ የዘንድሮን ብቻ አታስቡ። እኛ ሁለት ወር ከገዛን በኋላ አቅም አጥተን አቁመን ነበር፤ እቁብ ገብተን ነው የቀጠልነው። ከዘመድ ተሸማቅቆ ከመደበቅ መንገር ይሻላል። ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣውን ግን ተጠንቀቁ፦ በመንገድ ላይ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ማን ያውቃል?

ምን ያህል ትረዝማለች?

እውነተኛ እጥረት ያለበት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ይጨምራል። ከዚያ እየረጋ ይሄዳል። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት 10፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 7 ሴንቲ ጨመረች። አሁን 119 ናት። ክፍሏ ውስጥ አሁንም ከአጫጭሮቹ ወገን ናት፣ ግን ከመጨረሻዋ አይደለችም።

መርፌው ዘር የሰጠውን ቁመት እንድትደርስበት ይረዳል እንጂ ከዘሩ በላይ ሞዴል አያደርጋትም። ለተርነርና ለሌሎቹ ምክንያቶች ጥቅሙ ከዚህ ያንሳል። ቀድሞ የጀመረ የበለጠ ይጠቀማል።

ጉዳት የለውም?

አብዛኞቹ ልጆች በደንብ ይቀበሉታል። ግን ማወቅ ያለባችሁ ምልክቶች አሉ። የማይለቅ ራስ ምታት ከማስመለስ ወይም ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ልጁ ማነከስ ከጀመረ፣ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን ካመመው "ሲጫወት ወድቆ ነው" ብላችሁ አትለፉት። በፍጥነት ሲያድጉ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። የጀርባ መጣመም ካለ ሊባባስ ይችላል። ስኳርን ከፍ ሊያደርግ፣ ተደብቆ የነበረ የእንቅርት ዕጢ ድክመትን ሊያወጣ ይችላል። በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ቀጠሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። መርፌውን ገዝቶ ቀጠሮውን መተው አይሆንም።

በሕክምና ላይ ያለ ካንሰር ላለበት ልጅ አይሰጥም። ቀድሞ እባጭ (ቱመር) የነበረበት ልጅ ከሆነ ያንን ካከመው ሐኪምም ከሆርሞን ሐኪሙም ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ሆርሞን ስለሆነ በኋላ መውለድ አይከለክላትም?

አይከለክልም። ይሄን የሚጠይቁኝ በተለይ አክስቶች ናቸው። "ሆርሞን" ሲባል ሰው የሚያስበው የወሊድ መቆጣጠሪያን ነው። ሰውነታችን ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ሆርሞን አለ፤ ኢንሱሊንም ሆርሞን ነው። ይህኛው የወር አበባን የሚቆጣጠረው አይደለም። ሱስም አያስይዝም።

ቲክቶክ ላይ "ቁመት የሚጨምር ክኒን" አይቻለሁ።

ገንዘባችሁን ያዙ። የዕድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው። በአፍ ቢዋጥ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። በመርፌ የሚሰጠው ለዚያ ነው። ጡንቻ ለማውጣት ጂም ውስጥ የሚወጉትም አሉ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ በስፖርትም የተከለከለ ነው። የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ለተዘጋ አዋቂ ሰው ደግሞ የትኛውም መርፌ አንድ ሴንቲ አይጨምርም።

አንድ ማታ ብንረሳስ?

በማግሥቱ የተለመደውን ስጡ። እጥፍ አትስጡ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ጉዞ አለ፤ አልፎ አልፎ ማምለጡ ዓለም አያጠፋም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚረሳ ከሆነ ግን ውጤቱ ቻርቱ ላይ ይታያል፣ ሐኪሙም ያውቅባችኋል።

ሰው ተራምዷት ነው ይሉኛል። የሰው ዓይን ነው የሚሉም አሉ።

እኔም ልጅ ሆኜ ተኝቼ ሰው ሲራመደኝ "ተመለስ! አላድግም!" ብዬ እጮህ ነበር። እናቴ አሁንም ልጄን ማንም እንዲራመዳት አትፈቅድም። ከእናቴ ጋር አልጣላም። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መርፌው እስከተወጋ ድረስ ቤታችን ሰላም ነው።

ትምህርት ቤት ምን ልበል?

ሰው በቁመቷ ነው የሚያናግራት። የስምንት ዓመት ልጅ ተሸክመው ጉንጭ ይስማሉ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ጨዋታ ይሰጧታል። እሷም ቀስ በቀስ እንደ ትንሽ ልጅ መሆን ትጀምራለች። ለአስተማሪዋ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ "እንደ ዕድሜዋ ያዢልኝ።" ሰልፍ ላይ ከፊት መቆሟ ግድ ከሆነ ይሁን፤ ግን ኃላፊነትም ይሰጣት። "ሚጢጢ" የሚላት ልጅ ነበር። አንድ ቀን በሒሳብ በልጣው መጥታ ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳችውም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቦታውን ለእሷ አመቻቹላት። የመብራት ማብሪያው ጋ፣ ቧንቧው ጋ በርጩማ አስቀመጥንላት። የጅማ በርጩማ፣ ያችው ባለ ሦስት እግሯ። ሰው ጠርታ "አብሩልኝ" እያለች ማደግ የለባትም።

መቼ ነው የሚቆመው?

ይሄን የምትጠይቀኝ ራሷ ናት፣ በተለይ ብርድ ሲሆን። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ዕድገቱ በዓመት ከ2 ሴንቲ ሲያንስ ወይም በራጅ የአጥንት ዕድሜ ለሴት 14፣ ለወንድ 16 አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ማደጊያው ክፍል እየተዘጋ ነው። መርፌው ከቆመ በኋላ ዕጢዋ እንደገና ይመረመራል። አንዳንዶቹ ሲመረመሩ ሆርሞናቸው በቂ ሆኖ ይገኛል፣ በዚያው ያበቃል። ፒቱታሪያቸው በትክክል የተጎዳ ግን ለአጥንት ጥንካሬ፣ ለጡንቻና ለስብ ሲባል በአዋቂነትም በአነስተኛ መጠን ይቀጥላሉ።

"ስድስት ዓመት ሊቀርሽ ይችላል" አልኳት። በጣቶቿ ቆጠረች። "የስምንተኛ ክፍል ፈተናን ሳልፍ ማለት ነው" አለችና ጭኗን ገለጠች። ማክሰኞ ነበር፣ ግራ ጭን።